ቶሮንቶ ብቻዬን ልሄድ ነው፤ ዘመድ ቤት ልረፍ ወይስ የራሴን ክፍል ልከራይ?

ሰላም ቤተሰብ። ቪዛዬ መታልኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቶሮንቶ እበራለሁ። ብቻዬን ነኝ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለም፤ እዚያም የሚጠብቀኝ ጓደኛ የለኝም።

ያለችኝ አንድ ዘመድ ናት። የእናቴ የአክስት ልጅ ስለሆነች አክስቴ ነው የምላት። ስካርቦሮ በሚባለው የከተማው ምሥራቅ በኩል ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እሷ ጋ እንዳርፍ ጠይቃኛለች። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሴን ክፍል መከራየት እፈልጋለሁ። የቱ ይሻላል?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የመጣሁት በ18 ዓመቴ ነው። ዘመድ ቤት አረፍኩ። ለአንድ ወር የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ። የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር። እንግዳ ሲኖር እስኪሄድ ድረስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ግን ዕቃ የማጥበው እኔ፣ ልጆቹን የማስጠናው እኔ፣ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የሚወስነው ሌላ ሰው። ማዕድ ላይ ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ እቆጥር ነበር። ማንም አልቆጠረብኝም። እኔው ነኝ የምቆጥረው።

ከዚያ ሥራ ስይዝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራየሁ። የከተማው ጫፍ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካልወጣሁ በታክሲ ሰልፍ ሥራ ይረፍድብኛል። ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ያውም ሌሊት። የመጀመሪያው ማታ ፍራሽ እንኳ አልነበረኝም። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ። እንደዚያ ቀን እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ቶሮንቶ ላይም የምፈልገው ያንን ቁልፍ ነው።

እስቲ ምከሩኝ።

(ዘግይታችሁ ለገባችሁ፦ መልሶቹ በዝተዋል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በተጻፉበት ቁጥር ቅደም ተከተል በራሴ አባባል አስቀምጫቸዋለሁ።)

1. የመጀመሪያው ሰው ምክር አልሰጠም። መንገዴን ጨርቅ እንዲያደርግልኝ መርቆኝ ሄደ። አሜን ብያለሁ።

2. ቶሮንቶ 11 ዓመት የኖሩ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ሳላመነታ አክስቴ ጋ እንዳርፍ መከሩኝ። እሳቸው ሲገቡ የወንድማቸው ልጅ ቤት ነበር ያረፉት። በማግስቱ ይዛቸው ወጥታ ሲን የሚባለውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር አወጣችላቸው። ያለሱ ሠርቶ ደሞዝ መቀበል አይቻልም። ማውጣቱ ግን በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው። በዚያው ቀን የባንክ ሒሳብ አስከፈተቻቸው፤ ፕሬስቶ የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድም አስገዛቻቸው። ብቻቸውን ቢሆኑ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸው እንደነበር ጽፈዋል። መልሳቸው ውስጥ የልጅቷ ደግነት ይታያል። ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ያመሰግኗታል።

3. የጀሞ ልጅ ነው፤ የሚማረው እዚያው ቶሮንቶ ነው። ከእኔ ጋር ተስማማ። ዘመድ ቤት ገብቶ በሰላም የወጣ ሰው እንደማያውቅ ጻፈ። ግን የስድስት ወር ኪራይ በእጄ ካልያዝኩ ማንም በር እንደማይከፍትልኝ አስጠነቀቀኝ።

4. እዚህ ላይ አንዲት ልጅ ቆጣ ብላ ገባች። ሳያጣሩ ሰው ማስፈራራት ነውር እንደሆነ ለ3ኛው ነገረችው። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ሕግ አከራይ ቀብድ አድርጎ እንዲይዝ የሚፈቅድለት የመጨረሻውን ወር ኪራይ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ወር ጋር ሲደመር የሁለት ወር ይሆናል። ዕቃ ቢሰበር ተብሎ ማስያዣ መቀበል አይቻልም። የቁልፍ ማስያዣ ካለ ቁልፉ ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ያዘጋጀው አንድ ወጥ የኪራይ ውል አለ፤ እሱን ሳልጠይቅ እንዳልፈርም አሳሰበችኝ።

5. እሷንም ያረመ ሰው መጣ፤ በትሕትና ነው ያረማት። ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከባለቤቱ ጋር የምጋራ ከሆነ ያ ሕግ እኔን አይመለከተኝም። እኔ ደግሞ የምፈልገው እንደዚያ ያለ አንድ ክፍል ነበር፤ ርካሹ እሱ ስለሆነ። የስድስት ወሩንም ነገር አብራራው። አዲስ ገቢ ሰው እዚያ አገር የብድር ታሪክ የለውም። ዋስም የለውም። ስለዚህ ብዙዎች ክፍሉ እንዳያመልጣቸው ራሳቸው ቀድመው ልክፈል ይላሉ። የጀሞው ልጅ ያየው ይህንን ነው። 4ኛዋ አመሰገነችው። ለጀሞው ልጅ ግን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቀው ጥሩ ነበር።

6. ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከሰበታ የሄደ ልጅ ነው። እዚሁ ቁጭ ብሎ በስልኩ ክፍል አገኘ። ፎቶው ያምራል። ዋጋው ከአካባቢው ይቀንሳል። አከራዩ ለሥራ ሌላ አገር እንደሚገኝ፣ ገንዘቡ ሲገባለት ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክ ነገረው። ልጁ 1,200 ዶላር ላከ። ግማሹ የእናቱ የዕቁብ ብር ነበር። ሲደርስ ሁለት ሻንጣ እየጎተተ አድራሻው ጋ ቆሞ ደወል ደወለ። በሩን የከፈቱት አዛውንት ሴትዮ ስለ ኪራይ የሚያውቁት ነገር የለም። ፎቶዎቹ የተሰረቁት ከሌላ ቤት የሽያጭ ማስታወቂያ ነበር። ያን ሌሊት ያደረው አውሮፕላን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ ሰው ቤት ነው። ለእናቱ እስከ ዛሬ አልነገራቸውም።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔም በዚያው ሳምንት ለአንድ ክፍል ልልክ ተዘጋጅቼ ነበር። ፎቶው ያምራል። አከራዩ አገር ውስጥ የለም። ይህን ሳነብ ልቤ ድንግጥ አለ። ወንድሜ፣ በአደባባይ ስለጻፍከው አመሰግንሃለሁ።

7. አንድ ወንድም ሴት ልጅ ብቻዋን ባዕድ አገር መሄዷን ጨርሶ እንደማይደግፍ ጻፈ። መጀመሪያ ትዳር መያዝ እንዳለብኝ፣ ያለዚያ እናቴ አጠገብ መሆን እንደሚሻለኝ መከረኝ። ቁልፍ ቁልፍ ማለቴንም አልወደደውም፤ ልጅነት ነው ብሎታል።

8. ቀጥላ የገባችው እህት አልማረችውም። ስንት የሃያ ዓመት ልጅ ብቻዋን ቤይሩትና ሪያድ ስትሄድ፣ ሰው ቤት ስትሠራ፣ በምትልከው ብር የቤተሰቧ ጣራ በቆርቆሮ ሲለበስ አንድ ወንድ ትዳር ይቅደም ብሎ ሲከለክል አይታ እንደማታውቅ ጻፈች። ለጉልበት ሥራ ስንሄድ የማይታየው አደጋ ለትምህርት ስንሄድ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። ቋንቋዋ ስለት ነበረው። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከእኔ ጋር አንደኛ ደረጃ ከተማሩት ልጆች አራቱ ዓረብ አገር ናቸው። ሲሄዱ ሰፈሩ ያወራው ስለ ቲኬቱ ዋጋ ነበር።

9. እንድንረጋጋ የሚለምን ሰው።

10. ይህኛው እኔን ነው የነካኝ። ሦስት ዓመት አብልተው፣ አስተኝተው ለወግ ያበቁኝን ሰዎች አደባባይ ላይ ማማቴ ውለታ ቢስነት እንደሆነ ጻፈ። ያኔ ሶፋ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቪዛ እንደማይኖርም አከለበት።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ያለው ውስጥ እውነት አለ። ያ ሶፋ ባይኖር ዩኒቨርሲቲ አልጨርስም ነበር። እግዜር ይስጣቸው፤ ለበዓል ሳልጠይቃቸው ቀርቼ አላውቅም። ግን ማመስገንና መመለስ አንድ አይደሉም። ያደረጉልኝን አልረሳሁም፤ እኔ ምን እንደሆንኩም አልረሳሁም። ይህንኑ መለስኩለት። ሌላ አልጻፈም።

11. ወሬው ቀለል አለ፤ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ስለ ስምና ስለ ሰዓት ጻፈ። ፓስፖርታችን ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባ እዚያ ሲጠሩን በአያታችን ነው። እሱ መጀመሪያ ክሊኒክ የሄደ ቀን አያቱ ሦስት ጊዜ ተጠርተው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ተራውም አለፈው። ሌላ ቀን ደግሞ የባንክ ቀጠሮው ለ9 ሰዓት ነበር። ልማድ ሆኖበት በእኛው 9 ሰዓት ከቀኑ ሄደ። በእነሱ ያ ከሰዓት በኋላ 3 ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ከመሄዴ አንድ ወር ቀደም ብዬ የስልኬን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ማንበብ እንድለምድ መከረኝ። ጀምሬያለሁ።

12፣ 13፣ 14. እነዚህ ስለ ሻንጣና ስለ እንጀራ ናቸው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬና ሽሮ ይዤ ብሄድ ችግር እንደሌለው፣ ቋንጣ ግን ሥጋ ስለሆነ እንደሚወሰድብኝ አንዷ ጻፈች። ሌላው አጠናከረላት፤ የምግብ ነገር በሙሉ መግቢያው ላይ መነገር አለበት፣ መደበቅ ቅጣት ያመጣል። ሦስተኛው ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ግሪንዉድ ጣቢያ አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አነሳ። ሰፈሩን ትንሿ ኢትዮጵያ ይሉታል። ከዚያ የእዚያ እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው አይደለም በሚለው ተጨቃጨቁ። አልገባሁበትም። የያዝኩት ግን ከዚያው መልስ የመጣ አንድ ነገር አለ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው 900 ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ኪፕሊንግ ጣቢያ ብወርድ፣ ያው የምድር ባቡር መስመር ሳላቋርጥ ግሪንዉድ ያደርሰኛል። ሁለቱም በአንድ ክፍያ፣ በ3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው፤ ካርዱን አንዴ ከነካሁ ሁለት ሰዓት ይሠራል።

15. ገንዘብ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ እንደሄደ አስታወሰን። ማስታወስ ለሚያስፈልገው ነው፤ እኔ አልረሳሁትም። አራት ዓመት ያጠራቀምኩት በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆኗል። የእሱ ምክር በብር ተቀምጬ ኪራይ እንዳላሰላ ነው። ሠርቼ እከፍላለሁ ብዬ ደግሞ ብዙ እንዳልተማመን አሳሰበኝ። ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ከግቢ ውጭ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 24 ሰዓት ነው። ይህ ሰው ቁጥር ብቻ ነው የጻፈው። ከዘመድ ወይስ ብቻዬን የሚለው ላይ አልፈረደም። ግን ቁጥሩ ራሱ ወደ አክስቴ በኩል ያደላል።

16. አሁን ወደ ዋናው ደረስን።

ቶሮንቶ አንድ ቤዝመንት ተከራይቶ ብቻውን የገባ ልጅ ነው። ልክ እኔ የምፈልገውን አድርጓል። የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ከትምህርት ሲወጣ ጨልሟል፤ ቤቱ ደግሞ ከመሬት በታች ነው። ጥር ላይ ታመመ። ትኩሳቱ ከአልጋ አላስነሳውም። ባለቤቶቹ ለጉዞ ወጥተዋል። ሥራ ቦታው ትምህርት ላይ ነው ብሎ አሰበ፤ ትምህርት ቤቱ ምንም አላሰበም። አገር ቤት ያሉት ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው አሉ። በአራተኛው ቀን ተነስቶ ውሃ ቀዳ። ስልኩን አነሳ። አንድም ያመለጠው ጥሪ አልነበረም። ከትኩሳቱ ይልቅ ያ ባዶ ስልክ እንደጎዳው ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ሰሚት ካለ ጓደኛው ጋር ተስማሙ። በየጠዋቱ ሲነሳ አንድ ነጥብ ብቻ ይልካል። ቃል የለም፣ ሰላምታ የለም። ነጥቧ ካልመጣች ጓደኛው ይደውላል። ካላነሳ ቶሮንቶ ላለ ሰው ይደውላል። አምስት ዓመታቸው ነው።

ይህን ሳነብ እኛ ብሎክ ትዝ አለኝ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ያስላል፤ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ደፍረስ ያለ ውሃ። ቀድሞ የነቃ ሰው በየበሩ ያንኳኳል። እኔን የምትቀሰቅሰኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ሁለቴ ታንኳኳለች። ካልከፈትኩ ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ሌሊት አሞኝ ሳልነሳ ስቀር ጀሪካኖቼን ራሷ ሞልታ፣ ጠዋት አጃ ይዛልኝ መጣች። እስካሁን ብቻዬን ኖርኩ እል ነበር። ለካ ቁልፉን ብቻ ነው የምቆጥረው። የሚያንኳኳውን ሰው አልቆጠርኩትም።

17. ከአያት የጻፈ ሰው ስቱዲዮውን ለማን እንደምለቅና ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። በውስጥ መልሼለታለሁ።

18. ሐሳቤን የለወጠችው እሷ ናት። እንግዳ ተቀባይ ናት እንጂ እንግዳ አይደለችም። ቶሮንቶ ባለ ሁለት መኝታ ቤቷ ውስጥ ባለፉት ዓመታት አምስት ዘመድ አሳርፋለች። እኔ የጻፍኩትን ሶፋ ከወዲያ በኩል ሆና ነገረችኝ። ዘመድ ሲመጣ መቼ እንደሚወጣ አይናገርም። እሷም በይሉኝታ አትጠይቅም። ልጆቿ ክፍላቸውን ለቀው ከእሷ ጋር ይተኛሉ። ባሏ ዝም ይላል፤ ዝምታው ወር ሲያልፍ ይከብዳል። እንግዳው ይህን ሲያይ ሸክም እንዳይመስል ዕቃ ማጠብ ይጀምራል። እሷ ተው ማለት ታፍራለች፣ እሱ መተው ያፍራል። ሁለቱም ይሰቃያሉ፤ አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። ከአምስቱ ጋር እስከ ዛሬ በደንብ የምትጠያየቀው አንዱን ነው። እሱ አውሮፕላን ሳይሳፈር ሦስት ሳምንት ብሎ የመውጫውን ቀን ነግሯት ነበር። በቀኑ ወጣ። የሚቀጥለው እሁድ ራሷ ደውላ ምሳ ጠራችው።

እኔ እስከ ዛሬ ጥያቄው ዘመድ ወይስ ክፍል ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ዘመድ ቤትን ሶፋ የሚያደርገው ቀን አለመቁረጥ እንደሆነ አሳየችኝ።

19. 7ኛው ወንድም ተመለሰ። ድምፁ ተለውጧል። እህቱ ቤይሩት ሄዳ ለሁለት ዓመት ድምጿ ጠፍቶባቸው እንደነበር ጻፈ። በመጨረሻ በሰላም ተገኝታለች። እናታቸው ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ዓይናቸው ደከመ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሲሰማ የሚያየው ያንን እንደሆነ ነገረን። 8ኛዋ እህት መለሰችለት፤ በዚህኛው ላይ ስለት አልነበረም። የእህቱን ደኅንነት ጠየቀችው፣ ስለ ቃሏም ይቅርታ አለችው። እኔም ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

20. 2ኛዋ እናት እንደገና ጻፉ። የ18ኛዋን ሐሳብ ደግፈዋል። ለራሳቸው ዘመድ ቀን ሳይነግሩ ስምንት ወር እንደቆዩባት አሁን ማሰብ ጀምረዋል፤ ሊደውሉላት ነው። ለእኔ ደግሞ ትልቅ ነገር አደረጉልኝ። የሚኖሩት ከግሪንዉድ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ነው። የማገኘውን ክፍል አድራሻ ብልክላቸው ራሳቸው ሄደው በዓይናቸው አይተው፣ ማሞቂያውን ነክተው ይነግሩኛል። በቅዝቃዜው ወራት ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ21 ዲግሪ እንዳይወርድ የከተማው ደንብ አከራይን ያስገድዳል። ቤዝመንት ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ሰው የሚያስወጣ መሆኑን ያያሉ። እሳቸው ሳያዩት አንድ ሳንቲም እንዳልልክ አስምለውኛል።

የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

እሁድ ለአክስቴ ደወልኩ። አፌ ደርቆ ነበር። ለ14 ቀን ብቻ እንደምመጣ፣ በ15ኛው ቀን እንደምወጣ ነገርኳት። ዝም አለች። የተቀየመች መሰለኝ። ከዚያ እስክሪብቶ እንዳመጣ ብላ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ተመልሳ ቀኑን ደግማ አስነገረችኝና ጻፈችው። ትልቁ ልጇ ለሁለት ሳምንት ክፍሉን ሊለቅልኝ እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ግን ፈተና እንዳለበት እየተሳቀቀች ነገረችኝ። ለካ እሷም ልትነግረኝ ፈርታ ኖሯል። ብዙ አወራን። ልጅ ሆና እናቴ ቤት ስለቆየችበት ክረምት ስታወራኝ ሰዓቱ ሄደ።

ለዚያ ፎቶው ለሚያምረው ክፍል አከራይ ሰው ልኬ ላሳይ ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።

ትናንት ሌሊት ውሃ መጣ። ጎረቤቴ አንኳኳችልኝ። ጀሪካኖቹን ከሞላን በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የነጥቡን ነገር ነገርኳት። ቶሮንቶ ከጠዋቱ በእነሱ 7 ሰዓት ስነሳ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ያኔ ነጥብ እልካለሁ። እስከ 10 ሰዓት ካልደረሳት ትደውልልኛለች፤ ካላነሳሁ ደግሞ ለአክስቴና ለግሪንዉዷ እናት ትደውላለች። የሁለቱንም ቁጥር ሰጥቻታለሁ። ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ሰዓት እንደሚሄድ ስነግራት ገብታ የግድግዳ ካላንደሯን አወረደች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ 9 ሰዓት ብላ ጻፈችበት።